በላዩ ላይ ልጻፍበት?

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 2

ዛሬም ወረፋው እስከ ደጅ ደረሰ። ዝናቡ የውጪውን ሰው ወደ ውስጥ ገፍቶት ኮሪደሩ የረጠበ ካፖርት ሸተተ። ሰው ውጤት ሲጠብቅ ጠባዩ ይለወጣል። ትናንት «እህቴ» እያለ ሲለማመጠኝ የነበረ ሰውዬ ዛሬ በመስኮቱ ጣቱን ቀስሮብኝ ሄደ።

አዲሱ ሲስተም ከገባ ወዲህ በሆስፒታላችን የላብራቶሪ ውጤት በእጅ መጻፍ ቀርቷል። የታካሚውን ቁጥር አስገብቼ «ሪፖርት አውጣ» የሚለውን እጫናለሁ፤ ከዚያ እጠብቃለሁ። ደብዳቤው የሚሠራው ፊቴ ባለው ኮምፒውተር አይደለም፤ ምድር ቤት ተቆልፎበት በሚኖረው ሰርቨር ነው። መጀመሪያ የውጤቱን ሠንጠረዥ በኤክሴል ያዘጋጃል፤ ቀጥሎ ያንን ሠንጠረዥ አንስቶ የሰውየው ስም ያለበት የዎርድ ደብዳቤ ውስጥ ያስገባዋል፤ ተጠናቆ ሲመጣ አትሜ፣ ስሙን አይቼ፣ በፖስታ አሽጌ እሰጣለሁ። እንድናይ የተፈቀደልን ስሙን ብቻ ነው። እኔ ግን ሁሉንም አነባለሁ። ማንበብን በትልቅነቴ፣ ለብቻዬ፣ ከመድኃኒት ካርቶንና ከበር ላይ ጽሑፍ የለቀምኩ ሰው ነኝ፤ ፊደል ፊቴ ከቆመ ዓይኔ አይመለስልኝም።

ችግሩ መንቀርፈፉ ነው። አንዱ ደብዳቤ እስኪመጣ ሻይ ይቀዘቅዛል። የኮምፒውተር ባለሙያው ሲያስተምረን «ለጊዜው አንድ ሰው ብቻ ይጫን፤ አንዱ ሳይመጣ ሌላው አይታዘዝ» ብሎን ነበር። ዛሬ ግን ሰዉ ሊበላን ደረሰ። አጠገቤ የምትሠራዋን ልጅ «አንቺም በዚያኛው ኮምፒውተር አብረሽኝ ተጫኚ» አልኳት። ስሟን ትተን ቶሎ-ቶሎ ነው የምንላት፤ ሁለተኛ አላስነገረችኝም። ወረፋው ቀለጠ። አለቃችን በመስኮት ብቅ ብሎ ምን ተአምር ነው አለ። ሁለታችንም ሳቅን።

ማታ ጎረቤቴ ግድግዳውን አንኳኳች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ክፍሎቻችንን የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ሰው ሲናፍቃት በመቀሷ እጀታ ትመታዋለች፤ እኔም ሁለቴ በጣቴ እመልስላትና እሄዳለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እንዲህ ነው የምንኖረው። አንገቷ ሥር ያለችውን እብጠት አሳየችኝ። ሐኪሙ ናሙና ወስዶ ለኛ ላብራቶሪ ልኳል። «መርዶ ከሆነ አንቺ ነሽ የምታመጪልኝ፤ እንግዲህ ተለማመጂ» ብላ ቀለደች። መርፌው ግን ጨርቁን ስቶ ጣቷን ወጋት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 5

ቆመ። ሁሉም ነገር ቆመ። ከቀትር ጀምሮ አንድ ደብዳቤ አልወጣም። ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። አለቃችን የሳምንቱን ኤክሴል ለዳይሬክተሩ እፈልጋለሁ ይላል። አንዲት እናት መስኮቱ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። ባለሙያው ስልክ አያነሳም።

በእኛ ምክንያት ይሆን? ቶሎ-ቶሎ «ማሽን ነው፤ ይታመማል» አለች።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 6

ባለሙያው መጣ። የምድር ቤቱን ቁልፍ ከጽዳት ሠራተኝነቴ ዘመን ጀምሮ የማውቀው እኔ ስለሆንኩ አለቃችን አብሬው እንድወርድ አዘዘኝ። ወጣት ነው፤ ትሑት፤ ሥራውን የሚያውቅ። ሰርቨሩ ክፍል ብርድ ነው። ሰው የማይኖርበት ክፍል ውስጥ የሚጮኽ ነገር ሁልጊዜ ያስፈራኛል።

ጨልሞ የነበረውን ስክሪን አበራው። መሀሉ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ተከፍታ ቆማለች። ምን እያለች ነው አልኩት። አነበበልኝ፦

«‹በዚህ ስም የተቀመጠ ፋይል አለ። በላዩ ላይ ልጻፍበት?› ትላለች። አዎ ወይ አይ የሚላት ሰው እየጠበቀች ነው።»

ይህ ፕሮግራም የተሠራው ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው መሆኑን አስረዳኝ። ሲጠራጠር ይጠይቃል። ሰርቨር ላይ ሲጫን ግን ፊቱ ማንም የለም፤ ሰው ያለ እየመሰለው ይጠይቅና መልስ እስኪያገኝ ሌላ ሥራ አይነካም። ከትናንት ቀትር ጀምሮ በዚህ ብርድ፣ በዚህ ጨለማ፣ አንዲት ጥያቄ ይዞ ቆሞ ነበር ማለት ነው። አሳዘነኝ። ለዕቃ ማዘን ሞኝነት ነው።

ድሮ ሳይጠፋ የቀረ ፋይል ይሆናል አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «እትዬ፣ አንድ በአንድ ነው አይደል የምትጫኑት?» አለኝ።

አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ እንዳይጠይቅ አደርገዋለሁ፤ ሁልጊዜ አዎ ብሎ ይለፍ» ብሎ አንድ መስመር ጻፈ። ሳጥኗ ጠፋች። ደረጃውን ስንወጣ ቀለል ብሎት ያፏጭ ነበር።

ምን ልለው ነበር? ትእዛዝ ጥሻለሁ ብል ማን ይምረኛል? ሥራው የተሰጠኝ ባለቤቴ የሆስፒታሉ ሹፌር ስለነበር፣ ለእሱ ሲባል ነው። ዝም አይነቅዝም ትል ነበር እናቴ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 11

የጎረቤቴ ደረሰ። ቁጥሯን አስገባሁ። ቶሎ-ቶሎ በዚያኛው የሌላ ሰው እየተጫነች ነበር። አሁን ማሽኑ ፈጣን ነው፤ እስትንፋሴን ሳልጨርስ መጣ። ማስመሪያዬን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ አነበብኩት። የሚያሰጋ ነገር አልተገኘም። ደግሜ አነበብኩት። ስሟ ራሱ ነው። አልተገኘም።

ከሥራ ስመለስ ይዤላት ሄድኩ። ፖስታውን በመቀስ ቆርጣ አወጣችው፤ አነበበችው፤ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ አፍንጫዋን በምትሰፋው የሰው ልብስ እጅጌ ላይ ጠርጋ «ደንበኛዬ እንዳትሰማ» አለች። ለሐኪሙ ልውሰደው ወይ ስትለኝ ደስታ ይዞኝ «ንጹሕ ለሆነ ምን ሐኪም ያስፈልገዋል» አልኳት።

እንዲህ ብዬአታለሁ። እዚህ ይጻፍ።

ልጇ ሩቅ አገር ናት፤ ልትወልድ ነው። በእብጠቱ ምክንያት ጉዞዋን አዘግይታ ነበር። ረቡዕ፣ ሐምሌ 24፣ ገና ጎህ ሳይቀድ በአውቶቡስ ትነሳለች። ሕፃኑ እስኪጠና እዚያው ልትከርም ነው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 15

ዛሬ ሆስፒታሉ በሳቅ ሊፈርስ ነበር። የበሩ ዘበኛ፣ አባባ የምንላቸው፣ ለኩላሊታቸው ደም ሰጥተው ነበር። ደብዳቤያቸውን ይዘው መስኮታችን ላይ መጡና መነጽራቸውን አውልቀው «ልጆቼ፣ እርጉዝ ነኝ ይላል፤ ፈቃድ ማንን ልጠይቅ?» አሉ። አየነው። ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ ወንድ። ከሥሩ ያለው ሠንጠረዥ የእርግዝና ምርመራ፤ ተገኝቷል። ቶሎ-ቶሎ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። አለቃችን ጭምር እንባው እስኪመጣ ሳቀና አንዴ የሚያጋጥም ስህተት ነው፣ አውጡላቸው አለ። እንደገና ብትጫን ትክክለኛው መጣ። ወረቀቱን ለማስታወሻ አስቀምጠዋለሁ ብለው አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱት።

እኔም ሳቅሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ቤት ስደርስ ነው የመጣልኝ። ይህኛው የታወቀው ወንድ ስለሆኑ ነው። ሴት ቢሆኑስ ኖሮ? የወጣቷ ደብዳቤ ላይ የሌላ ወጣት፣ የአንገት ናሙና ላይ የሌላ ሰው ናሙና ቢገባ ማን ይስቃል? ማን ያውቃል?

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 16

እንቅልፍ የለም። ሥራ ላይ ሦስት ፖስታ አበላሸሁ።

ቶሎ-ቶሎን ለብቻዋ ጠየቅኋት። ያን ሐሙስ ከኔ እኩል የማንን ተጫንሽ አልኳት። ይህን ሁሉ ሰው በምን ላስታውስ አለች። ቀጥላ፣ ዝቅ ብላ፦ «እትዬ፣ የተኛ ነገር አይቀስቅሱ። ሁለት ሆነን እንደምንጫን ከታወቀ የምንባረረው ሁለታችን ነን። እኔ ደግሞ ገና ቋሚ አልሆንኩም።»

እውነቷን ነው። በሷ እንጀራ መጫወት ልክ አይደለም። ደግሞ ሐሳብ ብቻ ነው። አባባ አንድ ናቸው፤ አንዴ የሚያጋጥም ስህተት።

የጎረቤቴን ቁጥር እንደገና አስገብቼ ማየት እችላለሁ። አንድ ጣት ነው።

አላየሁም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 17

ትናንት ማታ አንኳኳች። መብራቱን አጥፍቼ ጋደም ብዬ ነበር። ጠበቀችና ደገመች። ዛሬ ጠዋት ደረጃው ላይ ስንገናኝ ምነው አለችኝ። ተኝቼ ነበር አልኳት።

ያኔም ለሐኪሙ እንዲሁ ነው ያልኩት። ባለቤቴ ያረፈ ማግስት «ሌሊት አልጠራሽም?» ሲለኝ ተኝቼ ነበር አልኩት። ሰው አስታሞ ሰንብቶ መተኛቱ አይፈረድበትም አለኝ። ደግ ሰው ነበር።

ዓርብ፣ ሐምሌ 19

ካፖርቴን በግድ ወስዳ ገበሩን ቀይራ፣ የጎደሉትን አዝራሮች ሞልታ አመጣችልኝ። «ለምሥራች ነጋሪዬ» አለች። ስትለካልኝ አንገቷን አየሁት። አድጓል? ጥላው ነው? ስካርፕ ጠምጥማበታለች፤ ስለ ብርዱ ነው አለች። ለሕፃኑ የሰፋቻቸውን ልብሶች አንድ በአንድ አልጋው ላይ ዘረጋችልኝ፤ እጅጌያቸው ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ወንድ ይሁን ሴት ስላልታወቀ ሁሉንም ቢጫ አድርጋዋለች።

ካፖርቱ ይሞቃል። ልለብሰው አልቻልኩም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 20

ዛሬ እረፍት ነው። ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ይዤ አንድ ገጽ አልገለበጥኩም። ፊደሎቹን አያቸዋለሁ፣ ነገር አይሆኑልኝም፤ ልክ ማንበብ ሳልችል በፊት እንደነበረው።

ራሴን እከራከራለሁ። ብናገር፦ ሥራዬ ይሄዳል፤ ልጅቷም ትባረራለች፤ ጎረቤቴ ምንም ላይኖርባት ጉዞዋ ይደናቀፋል፤ ደስታዋን እነጥቃታለሁ። ዝም ብል፦ ምንም ላይሆን ይችላል። ምንም ላይሆን ይችላል። ይህን ስንቴ እንደጻፍኩት ቆጥሬ አፈርኩ፣ ሌላውን ሰርዤ ሁለቱን ብቻ ተውኩ።

የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። ሳይፈሩት የሚደርስም አለ።

ማታ ደግሞ አንኳኳች። ምናልባት ሻይ ነው፤ ምናልባት ሻንጣ እንዳግዛት ነው። ጆሮዬን በትራስ ሸፈንኩ። በትራስ ውስጥ የሚሰማ ኳኳታ ቅርብ ነው፤ ከራስ ቅል ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። የእሷ መቀስ ስለሆነ ቀጭን ድምፅ አለው። የባለቤቴ ግን የአልጋው እንጨት ላይ በጣቱ አንጓ ነበር። ሦስተኛው ከፊተኞቹ ሁለቱ የለዘበ ነበር። እኔ ደግሞ ያን ቀን ስንት ጊዜ ተነስቼ፣ ስንት ጊዜ አገላብጬው፣ አሁንስ በቃ ብዬ

ሻማ የለም። መብራቱ ሄዷል። በቃ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 22

ተናገርኩ።

ባለሙያው የወሩን ኤክሴል ለማስተካከል መጥቶ ነበር። አለቃችን ዘንድ አልሄድኩም፤ ድፍረቱ አልነበረኝም። ኮሪደሩ ላይ ጠብቄው አንድ ነገር ልንገርህ ልጄ አልኩት። ስለ አባባ ደብዳቤ ሰምቶ እሱም ስቆ ነበር፤ ምክንያቱን ግን አላገኘውም። ገና አንድ ዓረፍተ ነገር እንደተናገርኩ ፊቱ ተለወጠ።

«ሁለት ሆናችሁ? በአንድ ጊዜ?»

ያን ቀን ስትጠይቀኝ ዋሽቼሃለሁ አልኩት። አልተቆጣም። ግድግዳውን ተደገፈ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለኔ ሳይሆን ለራሱ እንደሚናገር ሰው ነገረኝ። ሠንጠረዡን የሚያስቀምጠው ሁልጊዜ በአንድ ስም ነው፤ አንድ ሰሃን እንደማለት። አንድ ሰው ብቻ ሲጫን ሰሃኑ ይሞላል፣ ይነሳል፣ ይታጠባል። ሁለት ሰው እኩል ሲጫን የአንደኛው ሠንጠረዥ ሳይነሳ የሁለተኛው በላዩ ይጻፋል። ደብዳቤው ስሙን ከአንዱ፣ ውጤቱን ከሌላው ይዞ ይወጣል።

«ያቺ ሳጥን ይህንኑ ነበር የምትጠይቀው» አለ። «አስቁሙኝ እያለች። ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ፤ ለምን ትጠይቃለች ብዬ ሳልጠይቅ።»

ሁለታችን በሰው መሀል እንደ ሌባ ቆመን ነበር። ከዚያ ወደ አለቃችን ቢሮ አብረን ገባን። ሁለቱም ኮምፒውተሮች እንዲቆሙ ታዘዘ። ልጅቷን እንድትጫን ያዘዝኳት እኔ መሆኔን ተናገርኩ። ቶሎ-ቶሎ አላየችኝም፤ ቀኑን ሙሉ ወረፋ ላይ ላለው ሰው በእጇ ስትጽፍ ዋለች።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኛ ደግሞ ያፈሰስነው የሰው ነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 23፣ ከሰዓት፣ ቢሮ

በፍጥነት። ባለሙያው የወጡትን ደብዳቤዎች ኮፒ ሰርቨሩ ላይ አገኘ። ሳጥኗ ከጠፋች ወዲህ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እንደ አዲስ እያወጣ ከድሮው ጋር ያስተያያል። ልዩነት የሌለው ወደ ግራ። ልዩነት ያለው ወደ ቀኝ። በቀኝ በኩል አራት ወረቀት።

ሦስተኛው የሷ ነው።

አነበብኩት። ማስመሪያ አላስፈለገኝም፤ «ተገኝቷል» ይላል።

እሷ የወሰደችው የአንድ ሰውዬ ውጤት ነው። ሰውየው ትክክለኛውን፣ የራሱን፣ አግኝቷል። በአንድ ውጤት ሁለት ሰው ተደስቷል፤ የሷ ግን ለማንም አልደረሰም። በሰሃኑ ላይ ተጽፎበት ጠፋ።

አለቃችን ሁሉም በስልክ ይጠሩ አለ። የሷን እኔ ልውሰድ አልኩ። የወጣሽበት ሰዓት ይቆጠራል አለኝ፤ ስለ ሥራሽ ደግሞ ሐሙስ እንነጋገራለን። ይሁን።

ማክሰኞ ማታ

ደረጃውን ስወጣ ሻንጣዋ በገመድ ታስሮ በሯ ላይ ቆሟል። አልፌው ቤቴ ገባሁ። ፖስታው ጠረጴዛ ላይ ነው። እሷ በዚያ ወገን ዕቃ ትጎትታለች፤ ታንጎራጉራለች።

ይህን የምጽፈው ጊዜ ለማባከን እንደሆነ አውቃለሁ። ንጋት ላይ አውቶቡሷ ይነሳል። ዝም ብዬ ብቀመጥ፣ ምንም ሳላደርግ ብቀመጥ ብቻ፣ ነገሩ ከኔ እጅ ይወጣል። እንደዚያ ቀላል ነው። ያኔም ቀላል ነበር።

አንኳኳች።

ሁለቴ መልሻለሁ። እየሄድኩ ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 24

አልሄደችም።

ትናንት ስገባ ትኬቷን አፏ ላይ ይዛ ቦርሳ ትዘጋ ነበር። ካፖርቱን ለብሼ ነበር፤ ለምን እንደለበስኩት አላውቅም። ተቀመጪ አልኳት። ፊቴን አይታ ትኬቱን ከአፏ አወጣች። ከነምክንያቱ ነገርኳት፤ ስለ ሁለቱ ኮምፒውተር፣ ስለ ሠንጠረዡ፣ ወረፋውን ለማቅለል ስል ስላደረግሁት። ምን ያህል እንደገባት አላውቅም። ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። እንደ በፊቱ አልሳቀችም፤ አላለቀሰችምም። አልጋው ላይ የቀረውን አንድ ቢጫ ልብስ አንስታ ታጥፈው ጀመር፤ አጠፈችው፣ ፈታችው፣ አጠፈችው።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ዛሬ ነው የተረጋገጠው።»

«ይህን አልጠየቅሁሽም።»

ከአባባ ቀን ጀምሮ ፈርቼ ነበር አልኳት።

ዞር ብላ ግድግዳውን አየችው። መቀሷ ያረፈበት ቦታ ቀለሙ ተልጦ ነጭ ሆኗል። ከኔ ወገን አይታይም፤ ከዚህ ቀደም አስተውዬው አላውቅም።

«ሳንኳኳስ? ያን ሁሉ ማታ?»

ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ስንት ዓመት የተለማመድኩት ነው፤ ሳላስበው ይወጣል። መልሼ ዋጥኩት።

«ነቅቼ ነበር» አልኳት። «ሰምቼአለሁ። ሁሉንም ሰምቼአለሁ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሷ ለምን እንደዚያ እንዳለቀስኩ አልገባትም፤ ልታባብለኝም አልተነሳችም። በመጨረሻ ልብሱን ሻንጣው ላይ አስቀምጣ «ነገ ሐኪሙ ዘንድ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አለች። ልመና አልነበረም፤ ይቅርታም አልነበረም።

ሄድን። ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ እብጠቱን በጣቶቹ ዳሰሰ። ቶሎ መቆረጥ አለበት፤ ሰኞ ይግቡ አለ። ሕፃኑ እስኪጠና ድረስ ከርመው ቢሆን ኖሮ የሚለውን ጀምሮ ተወው። አልጨረሰውም፤ እኔ ግን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ስንመለስ ቀድማኝ ትሄድ ነበር። መንገዱን ስንሻገር ብቻ ክንዴን ያዘች፤ ማዶ ስንደርስ ለቀቀችው።

ነገ አለቃችን ይጠራኛል። ሰኞ እሷ ትገባለች። የቱ ይበልጥ እንደሚያስፈራኝ መለየት አቅቶኛል።

ዛሬ ማታ አላንኳኳችም። ስትንቀሳቀስ ይሰማኛል። ብታንኳኳ እንዳያመልጠኝ አልጋዬን ጎትቼ ወደ ግድግዳው አስጠጋሁት።